ራሱ የላጠውን ብቻ

ዲላ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚዛን፣

ደብዳቤሽ ከናይሮቢ በሚመላለሰው በበኃይሉ እጅ ደርሶኛል። ሰላምታሽ ብቻውን አንድ ገጽ ይሞላል። የአባቴን ጤና ጠይቀሻል፤ የዲላን ዝናብ እንኳ አልተውሽም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ አሳጥረዋለሁ፤ እንተዋወቃለን። የባሌ የአስቻለው ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበርሽ፣ ዛሬ ሚስቱ ነሽ። ናይሮቢ ፓርክላንድስ፣ መጋረጃውን እኔ በሰቀልኩበት ቤት ከልጆቼ ጋር ትኖሪያለሽ። ከዚህ ወዲያ "እንደምን ከረምሽ" ብልሽ ለሁለታችንም ስድብ ነው።

የጠየቅሽኝን አንብቤ አጠፍኩት፤ ማታ እንደገና ዘረጋሁት። "ኤልናታንና ምርቃት እርስዎ እያሉ ምን ይበሉ ነበር?" ትያለሽ። ያቀረብኩላቸውን ይበሉ ነበር። ኤልናታን ቆስጣ በድንች ሲሆን ሳህኑን በጣቱ ይጠርግ ነበር። ምስር ይወዳል፤ ዓሣም እሾሁን ለቅሜ ከሰጠሁት ይበላል። ምርቃት ሦስት ዓመቷ ነበር ስሄድ፤ እሷ ወንድሟ የበላውን ሁሉ ትበላለች። ታዲያ ምን ብታደርጓቸው ነው በቺፕስ፣ በብስኩትና በሶዳ የሚኖሩት? አባታቸው እኮ ምግብ ቤት አለው! ከኤምባሲዎቹ ሰፈር ከጊጊሪ ድረስ ፈረንጅ በመኪና መጥቶ የሚበላበት ቤት ልጅ፣ በፓኬት ያድጋል?

ለምን በስልክ እንዳልጠየቅሽኝ ገብቶኛል። ስልክሽን ልጆቹም አስቻለውም ይከፍቱታል፤ እሁድ እሁድ ለልጆቹ ስደውል ደግሞ እሱ የስልኩን ድምፅ ለቆ አጠገባቸው ይቀመጣል። "ልጆቹ አማርኛ ስለማያነቡ ደብዳቤ ይሻላል" ማለትሽ ግን ከሁሉ ከነከነኝ። እኔ ብኖር ያነቡ ነበር።

የኤልናታን የደም ምርመራ ብለሽ ጀምረሽ ውጤቱን ዘለልሽው። ለልጄ እናቱ ነኝ። የመጣውን ጻፊልኝ።

እህተማርያም


ናይሮቢ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ እህተማርያም፣

የጻፉልኝ ሁሉ ይገባኛል፤ ከዚህም የባሰ ጠብቄ ነበር። መልስ መላክዎ ራሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ውጤቱን የዘለልኩት እንዳይደነግጡ ብዬ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኤልናታን ደሙ አንሷል። ሲያዩት ወፍራም ነው፤ ሆዱ ከሱሪው በላይ ወጥቷል፤ ደሙ ግን የለም። ስኳሩም ከፍ ብሏል። ዶክተር ላሚያ "ገና በሽታ አይባልም፤ በዚህ ከቀጠለ ግን አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው ይሆናል" አለችን። ምርቃት ለጊዜው ደህና ናት፤ እሱ የገፋውን ሳህን ግን እሷም ትገፋለች።

ዶክተሯ ያዘዘችን እንዲህ ነው። ሶዳና የፓኬት ነገር ከቤት ይውጣ፤ ከልጁ ፊት ብቻ ሳይሆን ከአባትየውም። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ምግብ፣ በአንድ ገበታ ይብላ። አዲሱ ነገር ልጁ ከሚያውቀው አጠገብ በትንሹ ይቀመጥ። አታስገድዱት፣ አትለምኑት፣ በከረሜላም አትደልሉት። "አሥር ጊዜ እምቢ ቢል አሥራ አንደኛውን አቅርቡለት" አለች። አስቻለው መኪና ውስጥ ሳቀባት። "ልጅ ሲርበው ይበላል፤ እኛን ማን ለምኖን ነው ያደግነው?" አለኝ። ከዚያ እዚያው መንገድ ላይ ቆሞ፣ ልጁ ደም ሲቀዳ ስላለቀሰ፣ ቺፕስ ገዛለት።

እኔ በሙያዬ ወጥ ሠሪ ነኝ። ለሠርግ ሦስት መቶ ሰው አብልቻለሁ፤ አንድ ልጅ ግን አቃተኝ። ስኩማ የሚሉትን የዚህ አገር ጎመን አድቅቄ ፓስታ ውስጥ ደበቅኩለት። አንዴ ጎረሰና አየኝ፤ ሄዶ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ አወጣው። ትምህርት ቤታቸው ምሳ አይሰጥም፤ ላንች ቦክሱ እንደሄደ ይመለሳል።

አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። ሙዝ ይበላል፤ እኔ ልጬ ከሰጠሁት ግን አይነካውም፤ ራሱ መላጥ አለበት። ቅቅል እንቁላል ይበላል፤ ቅርፊቱን ራሱ ካልፈለፈለ ግን አይሆንም። ብርቱካንም እንደዚያው። ብስኩቱን ከመቅደዱ በፊት ፓኬቱን ዙሪያውን አገላብጦ ያያል። ይህን ለዶክተሯ ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። "ይህ ልጅ በምግብ ታሞ ያውቃል? ወይስ ሰው አስፈራርቶታል?" ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም፣ እናቱን እጠይቃለሁ አልኳት። እንግዲህ እየጠየቅሁዎ ነው።

አክባሪዎ
ሚዛን


ዲላ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚዛን፣

ይህ ሦስተኛ ወረቀቴ ነው፤ ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ።

መጀመሪያ መደበቁን ተይ። ልጅ ሳህኑ ውስጥ የተደበቀ ነገር አንዴ ካገኘ ያንን ሳህን ዳግም አያምነውም። ጎመኑ ጎመን ሆኖ ይቅረብ። ቆስጣውን አታብዢው፤ ድንቹን ወፈር አድርገሽ ክተፊው፣ ነጭ ሽንኩርት ይግባበት፣ ቃሪያ አይግባ። ምስሩን አልጫ አድርጊው። ሽሮውን ቀጠን አድርጊና ከሙቅ ሩዝ ጋር ስጪው። አቮካዶ ላይ ሎሚ ጭመቂ፤ ጨው ብቻ፣ ስኳር አይደረግም። ወደ ገበያ ይዘሻቸው ሂጂ። ምርቃት ካሮት ትምረጥ፤ ልጅ ራሱ የመረጠውን ማየት ይወዳል። እኔ ዲላ አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው፤ አርባ ሁለት ልጅ ምሳ ዕቃ ሲከፍት በየቀኑ አያለሁና ይህን አውቃለሁ።

ጾሙ ስለገባ ያግዝሻል፤ ቤቱ ሙሉ የጾም ነው። ኤልናታን ገና ልጅ ስለሆነ እንቁላሉን አትከልክዪው።

አባቴ እንዳለ ነው። የቀኝ ጎኑ አልተመለሰም፤ በማንኪያ ነው የማበላው። ሁለት ወር ብዬ መጥቼ ይኸው ሁለት ዓመት ተኩል ሆነኝ። አንዳንድ ቀን አፉን ይዘጋብኛል፤ አንድ ማንኪያ ሾርባ አንድ ሰዓት ይወስዳል። አልቆጣውም።

አስቻለውን ቺፕስ መግዛት ተው በይው። አንቺ ካልሽው ይሰማል።

እህተማርያም


ናይሮቢ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ እህተማርያም፣

ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። ገበያ ወሰድኳቸው። ምርቃት ካሮትና አተር መረጠች፤ ሻጯን በስዋሂሊ "ማማ፣ ሂዪ ንዶጎ" እያለች ትንንሹን ታስለቅም ነበር። ኤልናታን እጁን ኪሱ ከቶ ቆሞ ቆየ። የአገር ቤቱን ቆስጣ ባላገኝ በዚህ አገር ስፒናች እርስዎ እንዳሉት ሠራሁት። ሳህኑ ላይ ሳየው እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ኤልናታንም አየው። ረጅም ጊዜ ነው ያየው። ምራቁን ሲውጥ አይቻለሁ። ከዚያ "እጾማለሁ" አለ። "የጾም ነው እኮ" አልኩት። "ሙሉ ቀን ነው የምጾመው" አለና ወንበሩን ገፋ። ምርቃት ማንኪያዋን አስቀምጣ ተከተለችው።

ሶዳና ብስኩቱን ከቤት ካወጣሁ ሦስት ሳምንት ሆነ። አስቻለው መጀመሪያ አኮረፈ፣ በኋላ ግን ተስማማ። እኔም ዶክተሯ እንዳለችው ይርበዋል፣ ይበላል ብዬ ጠበቅሁ። ሙዝና እንቁላል ብቻ ይበላል፤ ሌላ የለም። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ተደወለ። ዋና ሊገቡ ተሰልፈው ሳለ ወድቋል። ውኃው ውስጥ ቢሆን ኖሮ! ስደርስ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ አግዳሚ ላይ ተኝቷል። አስተማሪዋ ግሉኮስ በብርጭቆ በጥብጣ ብትሰጠው እኔ መኖሬን አይቶ ጥርሱን ነከሰ። "አይ ዶንት ዋንት፤ ሲታኪ" እያለ በሁለት ቋንቋ እምቢ ይላል፤ የሚያለቅስበት አቅም እንኳ የለውም።

ክሊኒክ ወስደን መርፌ ተደረገለት። ዶክተር ላሚያ ያን ጥያቄዋን ደገመችልኝ። እርስዎ አልመለሱልኝም። ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት፤ የድንቹን አከታተፍ ሳይቀር ጽፈው ያንን አልፈውታል።

ወይዘሮ እህተማርያም፣ የሚያውቁት ነገር ካለ ስለ እግዚአብሔር ይንገሩኝ። እኔን የሚያሰድብ ቢሆንም ግድ የለም።

ሚዛን


ዲላ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚዛን፣

አውቃለሁ። "ራሱ ካልላጠው" የሚለውን ካነበብኩባት ደቂቃ ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ እጄ ግን አልጽፍ አለኝ። ልጄ የወደቀው በእኔ ዝምታ ነው፤ ይህን ለራሴ ነግሬዋለሁ፣ አንቺም ልትነግሪኝ ትችያለሽ።

ከመሄዴ በፊት በነበረው ቀን፣ ሐምሌ ነበር፣ አስቻለውን ልሰናበት ምግብ ቤቱ መጣሁ። በጓሮ በር ገባሁ። ከምድጃው አጠገብ ቆመሽ ወጥ ታስቀምሺው ነበር፤ አጉርሰሽው ከንፈሩን በአውራ ጣትሽ ጠረግሽለት። ያየሁት ያ ብቻ ነው። ተመልሼ ወጣሁ። አባቴ ወድቋል፤ ቲኬቱ ተቆርጧል፤ የምጣላበት ቀን አልነበረኝም።

በማግስቱ ታክሲው በር ላይ ቆሞ ሳለ የላክሽው ምሳ መጣ። ኤልናታን ክዳኑን ከፍቶ እጁን ሰደደ። እጁን መታሁት። ተንበርክኬ ፊቱን ያዝኩና እንዲህ አልኩት፦ "ሚዛን የሠራችውን እንዳትበላ። መድኃኒት ታደርግበታለች። የታሸገ ብላ፣ ራስህ የላጥከውን ብላ። እኔ እስክመጣ ድረስ።" ሰባት ዓመቱ ነበር። "ማል" አልኩት፤ ማለልኝ። "ለእህትህም አንተ ነህ የምታውቅላት" አልኩት።

ሁለት ወር የሚቆይ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ረሳሁት። ይህ ነው የሚገርመኝ፣ ረሳሁት። ተናድጄ የተናገርኩት አንድ ቃል ነበር፤ እሱ ግን አልረሳም።

በሆሳዕና እሁድ ስደውል አስቻለውን ከሳሎኑ አታስወጪው። ይስማ። እኔ ለልጁ እነግረዋለሁ። አንቺ ምንም አትበይ፣ አታባብይው፣ አቅፈሽም አትያዢው። እኔ ያሰርኩትን እኔ ልፍታው።

"አንቱ" ማለትሽን ተይው፤ ካሁን በኋላ አይመጥነኝም።

እህተማርያም


ናይሮቢ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህተማርያም፣

"አንቺ" ያልኩሽ ስላዘዝሽኝ ነው። ለመጻፍ አንድ ወር የፈጀብኝ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታያለሽ።

የዚያን እሁድ በእኛ በኩል የሆነውን ሁሉ አልሰማሽም። ስልኩ የተቋረጠው በኔትወርክ አልነበረም። አንቺ "ያን ቀን የነገርኩህ ውሸት ነው፤ ሚዛን መድኃኒት አላደረገችም፤ ተናድጄ ነው" ስትዪ አስቻለው ከሶፋው ተነሣ። ልጁ ግን አልተንቀሳቀሰም። "ውሸት ነበር?" ሲልሽ "አዎ ውሸት ነበር" አልሽው። ቀጥሎ የጠየቀሽን ሰምተሻል፤ "እመጣለሁ ያልሽውም?" አለሽ። ዝም አልሽ። አስቻለው ስልኩን ነጥቆ የዘጋው ያን ጊዜ ነው።

ኤልናታን ወደ ኩሽና ሄደ። እኔ እንዳልሽኝ አልተከተልኩትም፤ በበሩ ስንጥቅ አየሁት። የቀዘቀዘውን የምስር ድስት ክዳን አንሥቶ፣ ሳህን ሳያወጣ፣ በእጁ እየዛቀ ከድስቱ በላ። ቆሞ ነው የበላው። ሆዱ እስኪወጠር በላና ማጠቢያው ላይ አስመለሰ፤ አፉን ተጉመጥሙጦ እንደገና በላ። ምርቃት እግሩ ሥር ቆማ "ለኔም፣ ለኔም" ትላለች። በጣቱ አጎረሳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይበላል። ስፒናቹን፣ ንዴንጉ የሚሉትን ማሾ፣ ዓሣውን፣ ሁሉንም ይበላል። ግን ደስ ብሎት አይደለም። የታዘዘ ሥራ እንደሚሠራ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይጨርሳል፤ "አመሰግናለሁ" ብሎ ሳህኑን ያጥባል። ጣፈጠህ ወይ ብለው "ኢትስ ፋይን" ይለኛል። እሁድ እሁድ ስልኩ ሲጠራ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይቆልፋል። ምርቃት ብቻ እንደምታነጋግርሽ ታውቂያለሽ። አስቻለው "ተኝቷል" የሚልሽ ውሸቱን ነው።

አሁን የእኔን ልንገርሽ። አንቺ ያን ሁሉ ከጻፍሽልኝ በኋላ የእኔን ይዤ ገበታ ላይ መቅረብ አልቻልኩም።

በጓሮ በር ያየሽው ልክ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ስድስት ወር ሆኖን ነበር። አላሳበቅሽብኝም፣ አልዋሸሽብኝም፤ መድኃኒቱ ብቻ ነው ውሸቱ።

ሌላም አለ። በሄድሽ በአምስተኛው ወር ልጆቹ ለገና ዲላ ይምጡልኝ ብለሽ ስትለምኚው፣ አስቻለው "ፓስፖርታቸው ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ገብቷል፤ አልወጣም" ብሎሽ ነበር። አልገባም። ቢሮው መሳቢያ ውስጥ፣ ከምናሌው ወረቀቶች ሥር ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ልጆቹ አንዴ ከሄዱ አይመለሱም ብሎ ፈርቶ ነው። ሽማግሌዎቹ ለፍቺው ሲመጡም አንቺው በስልክ "እሱ ምን ያድርግ፣ ወረቀቱ ነው ያስቸገረው" ብለሽ እንደመሰከርሽለት ሰምቻለሁ። ያን ቀን ተነሥቼ መናገር እችል ነበር። ቤቱን ፈለግሁት፤ ዝም አልኩ።

ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ለመጠየቅ ፊት የለኝም። እንድታውቂው ብቻ ነው።

ሚዛን


ዲላ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚዛን፣

አባቴ ግንቦት 29 ቀን ዐረፈ። ለልጆቹ አያታቸው መሞቱን አባታቸው ይንገራቸው።

ሁለት ገና በሩን እያየሁ ነው ያሳለፍኩት። ለመጀመሪያው ገና ለኤልናታን ነጭ ጃኖ አሰፋሁለት፤ በቁመቱ ሳይሆን በግምት። አባቴ ያን ጊዜ አንድ ሁለት ቃል ይወጣው ነበርና "መጡ?" ይለኛል፤ "ፓስፖርቱ አልወጣም አባዬ" እለዋለሁ። ቆይቶ ቆይቶ "መጡ?" ይለኛል። አንቺ ደግሞ መሳቢያው የት እንዳለ ታውቂ ነበር።

እስካሁን የጻፍኩልሽን ሁሉ ለልጄ ብዬ ነው። ካሁን በኋላ የደሙ ውጤት ካልሆነ በቀር አትጻፊልኝ።

እህተማርያም


ናይሮቢ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህተማርያም፣

እግዚአብሔር ያጥናሽ። ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልሽ።

ስለ ውጤቱ ብቻ ጻፊ ብለሻልና ከዚያ ልጀምር። ደሙ ወደ ደህናው ተጠግቷል። ስኳሩ ወርዷል። ክብደቱ አራት ኪሎ ቀንሷል፤ ቁመቱ ጨምሯል። ዶክተር ላሚያ የሦስት ወር ቀጠሮ ሰጥታናለች።

በኃይሉ ልጆቹን ስለማየት የላክሽበትን ጥያቄ በቃል ነገረኝ። አዎ፣ ኦገስት ትምህርት ይዘጋል። አስቻለውን አነጋግሬዋለሁ። ከልቤ ተጣላሁት፤ ከተጋባን እንዲህ ሆነን አናውቅም። ልጆቹ ዲላ አይሄዱም አለ፤ አንቺ ግን መጥተሽ ብታዪያቸው አልከለክልም ብሏል። ማረፊያሽን አደይ ኣባዲት ጋ አድርጊ፤ የድሮ ጎረቤትሽ አሁንም እዚያው ናቸው፣ "ልጄ ትምጣ" ብለዋል። ቀኑን ብቻ ላኪ፤ ልጆቹን እኔ አመጣልሻለሁ፤ አስቻለው አብሮ አይመጣም።

የመሳቢያውን ነገር ለኤልናታን ልትነግሪው ትችያለሽ። መብትሽ ነው። ከጠየቀኝ "እውነት ነው፣ አይቻለሁ" እለዋለሁ።

ሚዛን


ዲላ፣ መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሚዛን፣

ከሞያሌ እስከዚህ ወገቤ ተሰብሮ ገባሁ፤ ሳምንት ሙሉ ተኛሁ። እንደገባሁ እንድጽፍልሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ያዘገየሁሽ ግን በድካም አይደለም።

አደይ ኣባዲት በር ላይ ልጆቹን አውርደሽ መኪናው ውስጥ ቀረሽ። አልገባሽም፤ እኔም ግቢ አላልኩሽም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሆነውን አታውቂም፤ ኤልናታንም የሚነግርሽ አይመስለኝም።

ምርቃት ሳመችኝና "አንቺ ነሽ የስልኳ ማሚ?" አለችኝ። ያን ቻልኩት። ኤልናታን እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ። ትከሻዬ ድረስ ደርሷል። አማርኛው ተሰባብሯል፤ እኔ በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ መሐል ላይ ስዋሂሊ ያስገባል። ለአምስት ቀን የአየር ሁኔታ እንደሚያወሩ እንግዶች አወራን። በስድስተኛው ቀን ካሩራ ጫካ ወሰድኩት፣ ብቻውን። ከፏፏቴው መልስ አንድ ግንድ ላይ ተቀመጥን።

"ተናደህብኛል" አልኩት።

"አይ" አለኝ።

"ታዲያ ስልኩን ለምን አታነሣም?"

ጫማውን እያየ በአማርኛ፣ ቃሉን እየፈለገ፣ እንዲህ አለኝ፦ "እኔ ካልበላሁ... አንቺ ትመጫለሽ ብዬ ነበር። ከበላሁ አለቀ ማለት ነው። አደራው አለቀ። ስፒናቹ ሲሸተኝ በጣም እፈልገው ነበር። ግን ብበላ ኖሮ አትመጪማ።"

ሚዛን፣ መርዝ ፈርቶ አልነበረም። መጀመሪያ ፈርቶ ይሆናል፤ በኋላ ግን እኔን ይጠብቅ ነበር። ያንቺን ሳህን ሲገፋ በሩን ክፍት ይዞልኝ ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ በስልክ፣ በአንድ ቃል፣ ዘጋሁት። ላቅፈው ስጠጋ አልሸሸኝም፤ ግን አልተደገፈኝም።

ያን ጊዜ የመሳቢያው ነገር ምላሴ ላይ ነበር። "አልመጣችም ያልከው እኔ ቀርቼ አይደለም፤ እንድትመጣልኝ እለምን ነበር፤ አባትህ ፓስፖርትህን ደበቀው፤ ሚዛንም እያየች ዝም አለች" ብለው ልጄ ያን ቀን ይመለስልኝ ነበር። እውነትም ነበር፤ መድኃኒቱ ውሸት ነበር፣ ይህ ግን እውነት ነው። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ማታ ቤቱ ይመለሳል፤ ያቺ ገበታ ላይ ይቀመጣል፤ አባቱ በቀኙ፣ አንቺ በግራው። ይህን ብነግረው ያን ማታ የቀረበለትን ይበላል? ሳልነግረው ቀረሁ። ለአንቺም ለአስቻለውም ብዬ አይደለም፣ እንዳትሳሳቺ። ሲያድግ፣ ራሱን ችሎ ሲበላ እነግረዋለሁ።

"አልቅሰሻል" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ውኃ አቀበለኝ፣ ከራሱ ጠርሙስ።

በቀሩት ቀናት ትንሽ ተሻለን። አደይ ኣባዲት ቤት አንድ ቀን አብረን ድንች ላጥን፤ ስለ ዋና ውድድሩ ነገረኝ። የመጨረሻው ቀን "ለገና እመጣለሁ" ልለው ስጀምር እጁን አፌ ላይ አደረገ። እጁ የትልቅ ሰው እጅ አክሏል። "ቀን አትንገሪኝ" አለኝ። "ስትመጪ ትመጫለሽ። ቀን ከነገርሽኝ እቆጥራለሁ።" ከዚያ ቦርሳዬን እስከ መንገድ ድረስ ይዞልኝ ሄደ፤ ታክሲ አስቁሞልኝ ሾፌሩን በስዋሂሊ ስለ ዋጋው ተከራከረልኝ። በመስኮት ሳየው ወደ ኋላ ሳይዞር፣ ምርቃትን በእጇ ይዞ ወደ መኪናሽ ሲሄድ ነበር።

ይቅር ብዬሽ እንደሆነ በአደይ ኣባዲት በኩል ጠይቀሽኛል። አላልኩሽም። ልልም እችል ይሆናል፤ አሁን ግን ብልሽ ለወጉ ነው የሚሆነው፣ ለወግ ደግሞ ሁለታችንም ብዙ ብለናል። እንደማትገድዪው አውቃለሁ፤ እንደምትለፊበትም አይቻለሁ፤ ጉንጩ ቀልቷል። ይህን የጻፍኩት ስለሚገባሽ ነው፤ መጻፉ ግን ቀላል አልነበረም።

የዶክተር ላሚያ ቀጠሮ ጥቅምት ውስጥ ነው። ከምርመራው በፊት ሌሊቱን ባዶ ሆዱን ማደር ካለበት ምክንያቱን አስቀድመሽ ንገሪው፤ ሳይነገረው ምግብ እንዳይከለከል። ውጤቱን በበኃይሉ ላኪልኝ። ለእኔ እንደምትጽፊ ለልጁ አትንገሪው፤ መልስ ይጠብቃል።

ልጆቹ በጊዜ ራት ይብሉ፤ አንቺም አብረሻቸው ተቀመጪ።

እህተማርያም